መጀመሪያ ስም፣ ከዚያ ራይት

ዓለም ባንክ፣ እኛ ሰፈር፣ «ዶክተር» ተብዬ መጠራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ምን ዓይነት ዶክተር እንደሆንኩ ግን እስካሁን ለአንድ ጎረቤት እንኳ ማስረዳት አልቻልኩም። ባለፈው ሰኞ ከፊት ለፊታችን ኮንዶሚኒየም አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣችና «ዶክተር፣ እባክዎ ጆሮውን ይዩልኝ» አለችኝ።

«የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ የወረቀት ዶክተር ነኝ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ዘጠኝ ዓመት ተምሬ አንድ መጽሐፍ ጻፍኩ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ልጇን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «እና ጆሮ አያዩም?» አለች።

ምን ላድርግ፣ አየሁለት። ነርስ ነኛ! ዕድሜዬን ሙሉ ነርስ ነበርኩ። ትንሽ ቀላ ብሏል፤ ጤና ጣቢያ ይዛው እንድትሄድ ነገርኳት። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ «ለመሆኑ በጡረታ ዋዜማ ዶክትሬት ምን ያደርግልዎታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ የዕድር ሰዎችም ጠይቀውኛል፣ እህቴም ጠይቃኛለች፣ የጡረታ ወረቀቴን የሞላልኝ ጸሐፊም ጠይቆኛል። ለሁሉም ስቄ አልፌአለሁ። ዛሬ ግን ቁጭ ብዬ ልመልስ።

እታገኝ እባላለሁ። ከነርስ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ የተመደብኩት ሰሜን ሸዋ ውስጥ መብራት በሌላት አንዲት ትንሽ ከተማ ነበር። የዚያ ክሊኒክ ኃላፊ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ አንገቱ ላይ አስሮ ገበያ የሚውል ሰው ነበር፤ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የምንፈልገው በሽታውን ሳይሆን ኃላፊውን ነው። አራት ዓመት እንዲህ ስሯሯጥ ቆይቼ ኮልፌ ወደሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። እዚያ አምስት ኃላፊዎች ተፈራርቀውብኛል። አንዱ መጋረጃ ይወዳል፣ አንዱ ስብሰባ ይወዳል፣ አንዷ ደግሞ እግዜር ይስጣት በጣም ጥሩ ሰው ስለነበረች ቶሎ አነሷት። ደሞዙን ተዉት፣ አይወራም።

የደረሰኝ ማንም የማይፈልገው የቲቢ ክፍል ነው። ግቢው ጓሮ ውስጥ ያለ የቆርቆሮ ቤት ሲሆን መስኮቶቹ ክረምት ከበጋ ክፍት ናቸው። እዚያ ውስጥ በነጭ ገዋኗ ላይ ሹራብ ደርባ፣ ኩርምት ብላ የተቀመጠች አንዲት ቀጭን የጎጃም ሴት አገኘሁ። ሲስተር ዘርፌ ነበረች። እኔ «እትዬ» እያልኩ ነው የምጠራት፤ ከእናቴ ቀጥሎ ሰው ያደረገችኝ እሷ ናት።

የመጀመሪያ ቀን ወንበሬን ከቦታው አንስታ አዞረችው። «ነፋሱ ከኋላሽ ይግባ፤ አንቺን አልፎ፣ በሽተኛውን አልፎ፣ በዚያኛው መስኮት ይውጣ። ዘወትር ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሳታዪ እንዳትቀመጪ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ሠርግ ላይም ነፋሱን ሳላይ ተቀምጬ አላውቅም። ባለቤቴ ይስቅብኛል።

የሷ ዋናው ልማድ ግን ሌላ ነበር። የቲቢ በሽተኛ በመጀመሪያዎቹ ወራት በየቀኑ እየመጣ መድኃኒቱን ነርሷ ፊት ይውጣል፤ ነርሷም አይታ ካርዱ ላይ ለዚያ ቀን ራይት ታደርጋለች። ሥራው ይኸው ነው፣ ሲያዩት ቀላል ነው። እትዬ ዘርፌ ግን ስክሪብቶዋን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጥም። መሳቢያ ውስጥ ናት፣ መሳቢያውም ተዘግቷል። በሽተኛው ኪኒኑን ይውጣል፣ ውኃውን ይጠጣል፣ ከዚያ እትዬ ዘርፌ ፊቱን እያየች «ስምህን ንገረኝ» ትላለች። ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ይናገራል። ያኔ ወደኔ ዞር ብላ «በቃ፣ ጻፊ» ትለኛለች። መሳቢያው የሚከፈተው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ምክንያቱን ወዲያው ገባኝ። ኪኒኑ ያስመርራል፣ አንዳንዱ ምላሱ ስር ይወሽቀውና በር ላይ ወጥቶ ይተፋዋል። ምላሱ ስር ኪኒን የያዘ ሰው ደግሞ የአያቱን ስም አጥርቶ መናገር አይችልም። ግን ለወራት የተመላለሰውን ሰው ሁሉ በየቀኑ ስሙን ስትጠይቅ ሰለቸኝና አንድ ቀን «እትዬ፣ እኚህን ሰውዬ እኮ ከወለደቻቸው እናት ይልቅ እኛ እናውቃቸዋለን» አልኳት።

«እኔማ አውቃቸዋለሁ» አለች። «ግን ከዚህ ሲወጡ ሰፈሩ 'ቲቢው' ነው የሚላቸው። ሚስታቸውም ሳህናቸውን ለይታለች። በቀን አንዴ እንኳ ስማቸውን በራሳቸው አፍ ይበሉት።»

እንዲህ ዓይነት ሴት ነበረች።

ጡረታ የወጣች ቀን የመሳቢያውን ቁልፍ ሰጠችኝና ካርዶቹ ወደተደረደሩበት መደርደሪያ እያየች «እነዚህ 'ጠፋ' ብለን የምንጽፍባቸው ሰዎች የት ነው የሚጠፉት? ሰው እኮ መርፌ አይደለም። አንድ ሰው ሄዶ ይጠይቅ» አለች። ያቺ ንግግር አልለቀኝ አለች። ሁለተኛ ዲግሪዬን በሥራ ላይ እየተማርኩ ጨርሼ ነበር፤ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ለዶክትሬት አመለከትኩና ተቀበሉኝ። ሥራውን ሳልለቅ፣ ከፊሉን ቀን እዚያ ከፊሉን ቀን እዚህ እየሆንኩ ልማር ተስማማን።

አቤት ያ ጊዜ! ክፍል ውስጥ የሚቀርበኝ ሰው እንኳ በአሥራ ሰባት ዓመት ያንሰኛል። «እማዬ» ነበር የሚሉኝ፤ መጀመሪያ ከፋኝ፣ በኋላ ሳይሉኝ ሲቀሩ ይከፋኝ ጀመር። የመጀመሪያውን ጥናታዊ ጽሑፍ ለማንበብ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ታክሲ ውስጥ መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ሳነብ አንድ ሾፌር በመስታወት አይቶኝ «እናቴ፣ ዛሬ ፈተና ነው እንዴ?» አለኝ። «አዎ» ስለው ተሳፋሪው ሁሉ መረቀኝ። በጥሩ ውጤት ነው ያለፍኩት፣ በነሱ ምርቃት ይመስለኛል።

ባለቤቴ ደርቤ የሒሳብ መምህር ነው። ኮልፌ አንድ ትምህርት ቤት ዕድሜ ልኩን ያስተምራል። ለኔም ስታትስቲክስ አስተምሮኛል፤ አንዴ ስድስት ጊዜ አስረድቶኝ አልገባኝ ሲል መነጽሩን አውልቆ «እታገኝ፣ ሚስቴ ባትሆኚ እጥልሽ ነበር» አለኝ። ቢሆንም ሽሮውን የሚሠራው እሱ፣ እኔ እንዳልረበሽ ሬዲዮኑን የሚያጠፋው እሱ። ያለ እሱ አንድ ገጽ አልጽፍም ነበር፣ ሐቁን ልናገር።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነው፣ ነስሩ የሚባል ሰው መጣ። ከወደ ቆሼ ነው፤ ቆሻሻው ላይ ፕላስቲክ እየለየ የሚያድር፣ ሳቂታ፣ ሲስቅ የሚያስለው ወጣት ነበር። ምርመራው ቲቢ አለ። መድኃኒት ጀመረ፣ የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት በየቀኑ መጣ፣ ዋጠ፣ ስሙን ነገረኝ፣ ጻፍኩ። ከዚያ አንድ ቀን «ሲስተር፣ መኪኖቹ ጠዋት ነው የሚደፉት፤ እኔ እዚህ ስቆም ደህና ደህናው ያልቃል። የሳምንቱን ጠቅልለው ቢሰጡኝስ?» አለኝ።

ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት እኔም ክፍል ነበረኝ። እሱ ከኔ ሊያመልጥ ይቸኩላል፣ እኔ ከሱ ላመልጥ እቸኩላለሁ። የሳምንቱን ሰጠሁት። ካርዱ ላይ ባዶ ቦታ ሲታይ ከላይ የሚመጣው ተቆጣጣሪ ይጮኻል፤ ስለዚህ ያልደረሱትን ቀናት ጭምር ሰባት ራይት ባንድ ጊዜ አደረግሁ። በመጀመሪያው ሳምንት እጄ አመነታ። በሦስተኛው ሳምንት ሳላስበው ሆነ። ስሙንም መጠየቅ ተውኩ፣ የሚውጠው ቤቱ ነዋ! ስክሪብቶዬም ከመሳቢያ ወጥታ ጠረጴዛ ላይ ኑሮዋን ጀመረች።

ካርዱ ሞልቶ፣ «ጨረሰ» ብዬ ጽፌ ተሰነባበትን። ዓመት ሳይሞላው እያሳለ ተመለሰ። ምርመራው ሲመጣ የቀድሞው መድኃኒት አይሠራበትም፤ በሽታው ተላምዶታል። በሩን ዘግቼ «ነስሩ፣ በትክክል ነበር የምትውጠው?» ብዬ ጠየቅሁት።

አንገቱን ደፋ። «ሲስተር፣ ሰዓዳም ታስል ነበር» አለኝ። ሰዓዳ ሚስቱ ናት፣ ሰው ቤት ምግብ ታበስላለች። ቲቢ እንዳለባት ከታወቀ ያባርሯታል ብላ ፈርታ ጤና ጣቢያ አልመጣም አለች። «እሷ እያሳለች እኔ ብቻዬን ልዋጥ? ለሁለት ተካፈልነው።»

ልብ በሉ፣ ክፋት የለበትም። እንጀራ እንደሚካፈሉት መድኃኒቱን ተካፈሉት። ለሷም ለሱም ሳይበቃ ቀረ። እሷን በግድ አስመጥቼ አስመረመርኳት፤ አላህ ረድቷት የሷ በተለመደው መድኃኒት ዳነ። እሱን ግን ጠንካራው መድኃኒት ወደሚሰጥበት ሌላ ሆስፒታል ላክሁት። ለወራት በየቀኑ መርፌ አለው። መርፌው ጆሮ ይጎዳል፤ የነስሩን ጆሮ እንደወሰደበት ከጊዜ በኋላ ሰማሁ። ሄጄ አልጠየቅሁትም። የሞላው ካርዱ መደርደሪያው ላይ እንዳማረበት ተቀምጧል፣ የጠየቀኝም የለም፣ የነገርኩትም የለም። በዚያው ሰሞን ኮርሶቼን አንደኛ ወጥቼ ጨረስኩ። ያ ውጤት ዛሬም ድረስ ያሳፍረኛል።

ለጥናቴ ከተለያዩ ጤና ጣቢያዎች፣ የኛንም ጨምሮ፣ ስማቸው ተሸፍኖ በቁጥር የተተካ የድሮ ካርዶች ባለቀለም ቅጂ ሰበሰብኩ። አማካሪዬ ዶክተር ብሩክ ልጄ ሊሆን የሚችል፣ ትሑትና ጠንቃቃ ሰው ነው። አንድ ነገር ግራ አጋባን። 'ጠፋ' የተባሉትማ ይታመማሉ፣ የሚጠበቅ ነው። ካርዳቸው አንድ ቀን ሳይጎድል የሞላው ለምንድን ነው ተመልሰው የሚታመሙት? ምግብ ይሆናል አልን፣ የቤት ጥበት ይሆናል አልን። የነስሩን ካርድ የኔ ብቻ ጥፋት አድርጌ ከሐሳቤ አውጥቼው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ላይ ጻፍኩ፤ ስለ ምግብ እጥረት ብቻ ያማረ አንድ ምዕራፍ ነበረኝ።

አንድ እሑድ ጠዋት ከደርቤ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠናል። እሱ የተማሪ ደብተር ያርማል፣ እኔ ካርዶቼን አገላብጣለሁ። አንገቱን ሰገግ አድርጎ አንዱን ካርድ አየና ሳቀ።

«ይቺ ሰነፍ ማናት?» አለ።

«የቷ?»

«ይሄ እኮ ባንድ ቁጭታ የተሠራ ራይት ነው። እኔን አታታልዪኝም! ሳላነብ ሳርም እኔም እንዲሁ ነኝ። የመጀመሪያው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሁለተኛው ያዘነብላል፣ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ነፋስ እንደመታው ሣር ተኝቷል። ደግሞ እዪው፣ ቀለሙ አንድ፣ ውፍረቱ አንድ። በየቀኑ የተደረገ ቢሆን አንዱ ሰማያዊ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ይሆን ነበር።» ቀና አለና «ማናት ለመሆኑ?» ብሎ ደገመ።

ቁጥሩን አየሁት፤ የኛ ጤና ጣቢያ ነው። የእጅ ጽሑፉንም አወቅሁት። የነስሩ ካርድ ነው፣ የሦስተኛው ሳምንት ራይቶች።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ደርቤ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ስጨርስ ቀይ ስክሪብቶውን ከድኖ ደብተሮቹን ወደዳር ገፋና «ሻይ ላፍላልሽ» ብሎ ተነሳ። አለቀስኩ። እሱ ሻዩ እስኪፈላ ኩሽና ቆየልኝ፣ አውቆ ነው።

በማግስቱ እትዬ ዘርፌ ጋ ሄድኩ። ኮልፌ ከገበያው በስተኋላ ከእህቷ ልጅ ጋር ነው የምትኖረው፤ ጉልበቷ አልታዘዝ ስላላት ከወንበር አትነሳም። እግሯ ስር ቁጭ ብዬ ተናዘዝኩ። ብትቆጣኝ በወደድኩ! አልተቆጣችም።

«ሰውየው ያውቃል?» አለችኝ።

«ምኑን፣ እትዬ?»

«ሳታዪው 'ሲውጥ አይቻለሁ' ብለሽ እንደፈረምሽበት።»

«አያውቅም። ጥፋቱ የራሱ ብቻ ይመስለዋል።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እሱ ጋ ሂጂ። ወረቀትሽ ይደርሳል።»

እሺ ብያት ወጣሁ፣ አልሄድኩም። ፈራሁ። ከነስሩ በስተቀር ሁሉም ጋ ሄድኩ።

ዶክተር ብሩክ ከሰማኝ በኋላ ፊቱን በእጁ አሻሸና «ሲስተር፣ አንድ ካርድ ነው፤ ከጥናቱ እናውጣው» አለ።

«አንድ አይደለም ዶክተር። ይዩዋቸው።» ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ከሌሎቹም ጤና ጣቢያዎች ተኝተው የተደረደሩ ራይቶች፣ አንድ ቀለም፣ አንድ እጅ። ብዙ ነበሩ። ሲያያቸው ቆየና «ይሄ እውነት ከሆነ እኮ የሁለት ዓመት ሥራዎ ይወድቃል» አለኝ።

«ይውደቅ» አልኩ። አፌ ነው ያለው። ሃምሳዎቹን አጋምሼ ነበር፣ ጡረታዬ እየመጣ ነበር። ሳልጨርስ ብወጣ ያ ሁሉ ዓመት አፈር በላ ማለት ነው።

እንደገና ጀመርን። የሞላ ካርድ ሁሉ በእርግጥ በየቀኑ የተሞላ ነው ወይስ ባንድ ቁጭታ? ይህን የሚለይልን ማነው ስንል ደርቤ «እኛ ነና!» አለ። ሦስት ሽማግሌ መምህራን፣ እሱና ሁለት ጓደኞቹ፣ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ እያንዳንዱን ካርድ በአጉሊ መነጽር አዩ። ዶክተር ብሩክ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ መልሳቸው ሲገጥም አየና መሳቁን ተወ። የደብተር እርማት ያስተማራቸውን ማሽን አያውቀውም። ባንድ ቁጭታ የተሞሉትን ለይተን ስናወጣ ያ ግራ ያጋባን ነገር ተፈታ፤ ተመልሰው የሚታመሙት በብዛት እነሱ ነበሩ።

የሥራ ባልደረቦቼ አኮረፉኝ። «ዶክተር ልትባል እኛን ልታስወቅስ» ተባልኩ። ሰብስቤ የመጀመሪያው ካርድ የኔው እንደሆነ ነገርኳቸው። አንዷ ነርስ አልቅሳ «ስንት በሽተኛ ለአንድ ሰው ነው ታዲያ? ባዶ ከተውነው ይጮኹብናል!» አለች። እውነቷን ነው፣ እሱንም ጻፍኩት። ወቀሳ ብቻ ቢሆን ዘጠኝ ዓመት አያስፈልገኝም ነበር። ያቀረብኩት መፍትሔ ትንሽ ነገር ነው፦ መድኃኒቱን ቤቱ ይዞ ለሄደ ሰው ራይት አይደረግ፣ ክብ ይደረግ። ክብ ያየ ሰው «እስቲ ይሄ ሰውዬ እንዴት ነው?» ብሎ ቤቱ ይሄዳል። በኛ ጤና ጣቢያ ያኔውኑ ጀመርነው።

እትዬ ዘርፌን በጠየቅኋት ቁጥር ግን «ሄድሽ?» ትለኛለች። «አልሄድኩም።» ሌላ ነገር አትጨምርም። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በመጨረሻ ማስረከቢያው ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ዶክተር ብሩክ የነስሩ ታሪክ ያለበትን ገጽ አወጣና ፊቴ አስቀመጠው። «ይሄ ገጽ ሰውየው ካልፈቀደ አይገባም። ካልገባ ደግሞ ነገሩን እንዴት እንደደረሱበት መናገር አይችሉም፣ ጥናቱ መሠረት የለውም» አለኝ።

ሄድኩ። ከቆሼ በላይ፣ ረጲ በኩል፣ የጭቃ ቤት ነው። ነስሩ ቆሻሻ መልቀም ትቷል፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የተሰነጠቀ ጄሪካን በጋለ ብረት እያቀለጠ ይጠግናል። ሳየው ጠጉሩ ሸብቷል፣ ከስቷል። እኔን ሲያይ ብረቱን ጥሎ «ሲስተር!» ብሎ ጮኸ። የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ መጠኑን አያውቅም፤ መንደሩ ሁሉ ዞረ። እንዲህ ደስ ብሎት ይቀበለኛል ብዬ አልጠበቅሁም፣ ባሰብኝ።

የሚሰማው የሰዓዳን ከንፈር እያየ ነው። ስለዚህ የኔን ጥፋት፣ የመጽሐፌንና የፈተናውን ነገር ጭምር፣ እኔ ለሰዓዳ፣ ሰዓዳ ለሱ፣ አጭር አጭር እያደረግን ማለፍ ነበረብን። እያንዳንዷን ነገር አንዴ ከራሴ አፍ፣ አንዴ ከሷ አፍ ሰማኋት። «የሳምንቱን ስሰጥህ…» ብላ የኔን ቃል ነገረችው። «ያላየሁትን አየሁ ብዬ ጻፍኩ» ስላት ግን ቆመች።

«ቆይ» አለችኝ። «ካርዱ ባዶ ቢሆን ኖሮ ሰው ይመጣ ነበር?»

«አዎ።»

«ቤታችን? ይጠይቁን ነበር?»

«ይጠይቁ ነበር፣ ሰዓዳ።»

«ማንም ያልመጣው… እርስዎ 'አየሁ' ስላሉ ነው።» ፊቷ ተለወጠ። ለሱ አላስተላለፈችም። እሱ አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያየ «ምን አለች? ሰዓዳ፣ ምን አለች?» ይላል። እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ፣ ቃል በቃል ነገረችው።

ነስሩ የጣለውን ብረት አነሳ። ብረቱ ቀዝቅዟል። በኋላ በዚያ በማይመጠን ድምፁ «መካፈሉን የተካፈልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ግን ሲስተር፣ ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ስሜን ይጠይቁኝ ነበር፣ ደስ ይለኝ ነበር። ቆሼ ስሜን የሚጠይቅ የለም። ኋላ ተዉት።»

«ይቅር በለኝ፣ ነስሩ» አልኩት፤ ይህቺን ያለ ሰዓዳም አነበባት። ይቅር ብያለሁ አላለም። «መጽሐፉ ላይ ስሜ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«አይፈቀድም፤ የሚጻፈው በቁጥር ነው» አልኩ፣ ሰዓዳ አስተላለፈች።

«በቁጥር!» ብሎ ሳቀ፣ ያንኑ የድሮ ሳቁን። የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ፈረመልኝ። ስወጣ ብረቱን እሳቱ ውስጥ እየመለሰ «ፈተናው መቼ ነው?» አለ። ቀኑን በሰዓዳ በኩል ነገርኩት።

የፈተናው ዕለት ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውስጥ የኔ ሰው ብዙ አልነበረም። ደርቤ ከሁለቱ መምህራን ጋር ከረባት አስሮ ፊት ተቀምጧል። እትዬ ዘርፌን ከነወንበሯ ተሸክመው አምጥተዋታል፤ የተቀመጠችው መስኮቱን ለኋላዋ ሰጥታ ነው። ሥራዬን አቀረብኩ። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ጠንከር ያሉ ሰው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «እነዚህ ራይቶች ባንድ ቁጭታ የተሞሉ መሆናቸውን በምን እርግጠኛ ሆኑ? የመምህራን ግምት ብቻ አይደለም?» አሉኝ።

«የመጀመሪያውን ካርድ የሞላሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ሰውየው በኔ ራይት ጆሮውን አጥቷል። እዚህ ገጽ ላይ አለ።»

ፈታኙ ጻፍ ጻፍ አደረጉ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም። ሰብሳቢው እንደወጉ ወደ ተመልካቹ ዞረው «አስተያየት ያለው ሰው ካለ» አሉ።

ከኋላ ወንበር ተንኳኳ። ዞር ስል ነስሩ ቆሟል፣ የታጠበ ኮት ለብሷል። ሰዓዳ እጅጌውን ይዛ ልታስቀምጠው ትታገላለች። መቼ እንደገቡ አላየሁም። ምን እንደተባለ አልሰማም፣ ሰው ሁሉ ዝም ማለቱን ግን አይቷል። ቀጥ ብሎ እኔን እያየ፣ አዳራሹን በሚያናውጥ ድምፅ፣

«ነስሩ ሁሴን ሰዒድ!» አለ።

ሰብሳቢው ግራ ገባቸው። «እሺ፣ ጥያቄዎ ምንድን ነው?» አሉ። ነስሩ አልሰማቸውም። ሌላ ቃል አልጨመረም፣ እንደቆመ እኔን ያያል። ያን ጊዜ ከፊት፣ ከመስኮቱ በኩል፣ ያቺ ቀጭን ድምፅ መጣች።

«በቃ፣ ጻፊ።»

ጠረጴዛዬ ላይ ስክሪብቶ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ደርቤ ከኪሱ ያቺን የእርማት ቀይ ስክሪብቶውን አውጥቶ አቀበለኝ። መጽሐፌን ገለጥኩ፤ ገጹን አገኘሁት። ቁጥሩ ጎን ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ጻፍኩ፣ በዚህች በራሴ ቅጂ ላይ ብቻ፤ አሁንም ቤቴ አለች። ከስሙ ቀጥሎ ቀና ብዬ ነስሩን አየሁትና ራይት አደረግሁ፤ አንድ፣ ቀጥ ያለ።